የማታ ጉርሻ

እህቶቼ፣ በዚህ ትምህርት የምናወራው ስለ ትንንሽ ደስታ ነው። ስለ ዳንቴል፣ በወተት ቆርቆሮ ስለበቀለ በሶብላ፣ በስልክ ተጠራርቶ ስለሚጠጣ ቡና። «ደመወዜ ሦስት ወር ተይዞብኝ አንቺ ስለ ዳንቴል ታወሪኛለሽ?» የምትለኝ እንዳለች አውቃለሁ። ልክ ነሽ። ስለ ደመወዝ ምክር ከፈለግሽ ለብቻችን እንነጋገራለን። ግን ይህንንም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ቤይሩት ስገባ 21 ዓመቴ ነበር። አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት ልጆች፣ ተይታ የምንላት አንዲት አሮጊት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እሁድ የሚባል ቀን አላየሁም። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሊባኖስ የሚፈረመው የቤት ሠራተኛ ውል በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንደሚሰጥ የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ስልክ ግን ነበረኝ። የአክስቴ ልጅ አንድ የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ አስገባችኝ፤ ሰባት ነበርን፤ ሁለታችን ቤይሩት፣ ሁለቱ ሪያድ፣ አንዷ ኩዌት፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዷ ጅዳ። ከአክስቴ ልጅ በቀር አንዳቸውንም በዓይኔ አላውቅም።

መጀመሪያ ቡድኑ ለቅሶ ቤት ነበር። ማታ ሥራ ጨርሼ፣ እግሬን በሞቀ ውሃ ነክሬ ስከፍተው፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ከፎቅ የወደቀች ልጅ ፎቶ ትልካለች፣ ሦስተኛዋ «እኛ ምን ዕድል አለን» ትላለች። ችግርን መናገር መልካም ነው፤ ዛሬ ሥራዬ እሱን መስማት ነው። ነገር ግን ማታ ማታ ሌላ ነገር የማይነገርበት ቤት ሰውን አያሳርፍም። እኔ ስልኩን ዘግቼ ጣሪያ ሳይ አድር ነበር።

አንድ ምሽት የኩዌቷ ልጅ፣ የወሎ ልጅ ናት፣ የኒዶ ቆርቆሮ ፎቶ ላከች። አፈር አለው፤ መሃሉ ላይ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ነገር። በድምፅ «በሶብላዬ ወጣ» አለች። ከአገር ስትመጣ እናቷ በወረቀት ጠቅልላ የሰጠቻትን ፍሬ ነው የዘራችው። ያን ማታ ማንም አላለቀሰም። አንዷ ቆርቆሮውን ከሥር በሚስማር ብሺው፣ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል አለች። ሌላዋ አበባ ሊያወጣ ሲል ጫፉን ቅጠፊው፣ ያኔ ቅርንጫፍ ያበዛል አለች። የኩዌት ሐምሌ ከ45 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከበረንዳ አንስተሽ መስኮት ሥር አስገቢው ያለችው የጅዳዋ ናት። ስለ አንድ ቡቃያ አንድ ሰዓት አወራን! እኔ ያን ሌሊት ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ስሙን «የማታ ጉርሻ» ያለችው የዱባይዋ ናት። እያንዳንዳችን ከመተኛታችን በፊት አንድ ትንሽ ነገር እናጎርሳለን። ቀኑ የቱንም ያህል ክፉ ቢሆን አንድ ነገር ይፈለጋል። የሪያዷ ሙስሊም ናት፤ በረመዳን የጠቀለለችውን ሳምቡሳ ቆጥራ ትነግረን ነበር፤ አንድ ቀን 140 ደረሰች። የዱባይዋ ከመስኮቷ የምታያትን እርግብ ስም አውጥታላታለች። እኔ ደግሞ ዳንቴል ያዝኩ።

ዳንቴሉን ያስተማረችኝ ተይታ ናት። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ክሯና ኪሮሿ በቅርጫት ተቀምጠው ቀሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና ሳቀርብላት እጄን ይዛ ሰንሰለቱን አሳየችኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ክብ መሆን ሲገባው እንደ ባርኔጣ ተጎበጠ። በየዙሩ ዓይን መጨመር ነበረብኝ፤ አልጨመርኩም። ፈትቼ ሠራሁ፣ ፈትቼ ሠራሁ። ልብ በሉ፣ በዚያ ቤት የማጥበው ሰሃን ተመልሶ ይቆሽሻል፣ የምተኩሰው ሸሚዝ ተመልሶ ይጨማደዳል። ዳንቴሉ ግን ትናንት ያቆምኩበት ቦታ ይጠብቀኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይፈርስ የቆየልኝ የመጀመሪያው ሥራዬ እሱ ነው። ዛሬም እናቴ ቤት የቡና ረከቦት ላይ አለ።

ዓርብ ዓርብ ቡና አብረን እንጠጣለን። ሪያድ፣ ጅዳና ኩዌት ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ቤይሩት በብርዱ ወራት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ጀበና ስለሌለኝ በሊባኖሶቹ ረክዌ አፈላለሁ። አንዷ አቦሉን ስትቀዳ ሌላዋ ገና ትቆላለች፤ ጥሪ የማይሠራላት በድምፅ መልእክት ትመርቃለች። በረካው ላይ የምንደርሰው ስንት ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ማዳም ትጣራለች።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ አሥር ብር ኖሯት አንዱ የጠፋባት ሴት አለች። መብራት አብርታ፣ ቤቱን ጠርጋ ታገኘዋለች። መጥረጉን እኛ እናውቀዋለን፤ ለእኔ የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለአንዲት ብር ወዳጆቿንና ጎረቤቶቿን ትጠራለች። ጌታችን ይህን ሲናገር ሴትዮዋን አልነቀፋትም፤ የሰማይን ደስታ በእሷ ደስታ መሰለው እንጂ።

ቅድስት ዮሴፊና ባኪታንም አስቡ። በ1869 አካባቢ ዳርፉር ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተሰርቃ ለባርነት ተሸጠች፤ በኋላ በጣሊያን የአንድ ቤተሰብ ልጅ ሞግዚት ሆነች። እመቤቷ ወደ ሱዳን ልትመልሳት ስትል እምቢ አለች፤ በ1889 የቬኒስ ፍርድ ቤት ነፃ ሴት መሆኗን አረጋገጠላት። ከዚያ በኋላ ስኪዮ በሚባለው ከተማ ገዳም ውስጥ ምግብ ታበስል፣ ጥልፍ ትጠልፍ፣ በር ትጠብቅ ነበር። እጆቿ ቀድሞም ይሠሩ ነበር፤ ጥልፉን ግን የጠለፈችው ልትኖርበት በመረጠችው ቤት ነው። አንዳንድ ሰው ትንሽ ደስታ ሠራተኛዋን ለበደል ያለማምዳታል ይላል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። የምትወደው ነገር እንዳላት የምታስታውስ ሴት «ይህ አይገባኝም» ለማለት ትፈጥናለች።

አሁን ስለ ጥፋታችን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ዳንቴሌን አልጋ ላይ ዘርግቼ ፎቶ ላክሁ፤ የማዳም ልጅ ከጎኑ ተኝታለች። ልብ አላልኩም። ማዳም ስልኬን ስታይ አገኘችው፤ ሁለት ሳምንት ስልክ አልባ ሆንኩ። እኔ በቀላሉ ተረፍኩ። በሳዑዲ ዓረቢያ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን የግል ሕይወት ለሚነካ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት አለው። ስለዚህ ቆርቆሮሽን፣ ክርሽን፣ ስኒሽን አንሺ፤ ልጆቹን፣ ሳሎኑን፣ ማዳምን በፍጹም አታንሺ። ሌላ ጊዜ አንዷ የወርቅ አምባር ላከች፤ በዚያው ቀን የሌላዋ እናት ለመድኃኒት ገንዘብ አጥታ ነበር። ጠቡ አንድ ወር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ጉርሻ በገንዘብ የማይገዛ ይሁን ተባባልን። ማንም የማያውቃት «እህት» ገብታ ዕቁብ እንጀምር ስትልም አስወጣናት። እንቅልፍንም አትርሱ፤ ጎህ ሲቀድ የሚነሳ ሰው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያወራ ካመሸ ጉርሻው መርዝ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ከሪያዶቹ አንዷ ሦስት ማታ ጉርሻ አላከችም። በፊት፣ በለቅሶው ጊዜ፣ ሰው ሲጠፋ ደክሟት ነው ብለን እናልፍ ነበር። እሷ ግን የምትቆጥር ሴት ናት፤ አንድም ማታ አልዘለለችም። በሁለተኛው ማታ ተጠያየቅን፤ በሦስተኛው ሌላዋ የሪያድ ልጅ መንገድ ፈለገች። ደግነቱ ቀደም ብለን እያንዳንዳችን የሠፈራችንን ስም፣ የቤቱን ምልክትና የአሠሪውን ስልክ ለአንዲት እህት ብቻ ሰጥተን ነበር። ቡድኑ ላይ አልለጠፍነውም፤ ለአንዲት ብቻ። አሠሪው ሲደወልለት «ሆዷን ትንሽ ያማታል፣ ፓናዶል ሰጥተናታል» አለ። ትንሹ ሕመም ትርፍ አንጀት ነበር። የሪያዷ ልጅ በዓረብኛ ለምናም ጮኻም ሐኪም ቤት አስወሰደቻት፤ በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ስትነቃ የላከችው የመጀመሪያ ጉርሻ የሆስፒታሉ ጄሊ ነው። ቀይ ነበር። ጣፋጭ ነው ብላለች።

እሷን ያገኘናት ቁጥሩ በእጃችን ስለነበር ነው። ቁጥሩን ለመጠቀም ያነሳሳን ግን ያ የጎደለው ሳምቡሳ ነው።

እስከሚቀጥለው ስብሰባችን ድረስ ይህን ሥሩ። ከአገር ቤት ሳለሽ እጅሽ የሚወደው ምን ነበር? ሹሩባ መሥራት፣ ስፌት፣ መዝሙር፣ ጠላ መጥመቅ? ከዚያ ውስጥ እዚህ ሊሆን የሚችለውን አንዱን ጀምሪና ለሁለት ወይም ለሦስት ሴቶች ንገሪ። ስልክ የተከለከልሽ ከሆነ በደብተርሽ ጻፊው፣ እሁድ ይዘሽው ነይ። አድራሻሽን ለአንዲት እህት ስጪ፤ የእሷንም ቁጥር በቃልሽ ያዢ፣ ስልክ ሊወሰድ ይችላልና። የአምቡላንስ ቁጥሩንም ደብተርሽ ጀርባ ላይ ጻፊ፦ ሊባኖስ 140፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112። ክር የሌላት ወደ እኔ ትምጣ፤ የተይታ ቅርጫት ከነኪሮሹ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው።