ስምና መዝገብ፦ የግል ክሬዲት ሪፖርት አነባበብና እርማት በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን

መግቢያ

በዩናይትድ ስቴትስ ቤት ለመከራየት፣ መኪና በዱቤ ለመግዛት ወይም የቤት ብድር ለማግኘት የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው አስቀድሞ የሚመረመረው በክሬዲት ሪፖርቱ ነው። ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ይህን መዝገብ የሚጀምረው ከባዶ ነው፤ በአገር ቤት ባንክ የነበረው መልካም የብድር ታሪክ አብሮት አይሻገርም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገባ አንድ የተሳሳተ መረጃ፣ የሚያካክሰው ረጅም ታሪክ ስለሌለ፣ ጉዳቱ ይከፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሪፖርቱን ይዘት መግለጽና ከኢትዮጵያውያን አሰያየም ጋር የተያያዙ ስሕተቶች እንዴት ተለይተው እንደሚታረሙ ማሳየት ነው።

የሪፖርቱ ይዘት

ሪፖርቱን በዋናነት የሚያዘጋጁት ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት የግል ድርጅቶች ናቸው። አበዳሪዎች ለሦስቱም እንዲልኩ ስለማይገደዱ መዝገቦቹ ሊለያዩ ይችላሉ፤ አንዱን ብቻ ማየት አይበቃም። አሠራራቸውን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ሲሆን፣ የ2003 ማሻሻያ ማንኛውም ሰው ከእያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርቱን ያለ ክፍያ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በአሁኑ ጊዜ ሦስቱም በጋራ ድረ ገጻቸው በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣሉ። የራስን ሪፖርት መመልከት ነጥብ አይቀንስም።

ሪፖርቱ አራት ክፍሎች አሉት፦ የማንነት መረጃ፣ የብድርና የክሬዲት ካርድ ሂሳቦች፣ እንደ ኪሳራ ውሳኔ ያሉ የሕዝብ መዛግብት፣ እንዲሁም ሪፖርቱን የጠየቁ አካላት ዝርዝር። ደመወዝና የባንክ ቁጠባ መጠን አይገኙበትም። በሰፊው የሚታወቀው የፋይኮ ነጥብም የሪፖርቱ አካል ሳይሆን ከሪፖርቱ የሚሰላ ነው። ነጥቡ ከ300 እስከ 850 ሲደርስ፣ 35 በመቶው ከአከፋፈል ታሪክ፣ 30 በመቶው ከዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው ከታሪኩ ርዝመት፣ ቀሪው በእኩል መጠን ከአዳዲስ ብድሮችና ከብድር ዓይነቶች ስብጥር ይመነጫል።

የዕዳ መጠን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ለምሳሌ የ1,000 ዶላር ጣሪያ ባለው ካርድ 900 ዶላር ተጠቅሞ በየወሩ ሙሉውን የሚከፍል ሰው ዕዳ እንደሌለበት ያስባል። ይሁን እንጂ አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳውቀው ወርኃዊው የሂሳብ መግለጫ በሚዘጋበት ቀን ያለውን ቀሪ ነው። በመዝገቡ የሚታየው እንግዲህ 90 በመቶ አጠቃቀም ነው። መፍትሔው መግለጫው ከመዘጋቱ በፊት አብዛኛውን መክፈል ነው።

ስምና የትውልድ ቀን

በኢትዮጵያ አሰያየም የቤተሰብ ስም የለም፤ የአባት ወይም የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። በዚህም ምክንያት በአንዱ ሰነድ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም ሊጻፍ ይችላል። የላቲን ፊደል አጻጻፍም ወጥ አይደለም፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ሊጀምር ይችላል። የትውልድ ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ሊዛነፍ ይችላል። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ የአንድ ሰው ታሪክ ለሁለት ይከፈላል፣ ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው የሌላ ሰው ዕዳ ይደባለቅበታል። ስለሆነም ንባቡ ከነጥቡ ሳይሆን ከማንነት መረጃው ሊጀምር ይገባል። የማይታወቅ ስም ወይም አድራሻ ከተገኘ፣ ከሂሳቦቹ መካከል የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

እርማት

አቤቱታ ለሪፖርት አዘጋጁም ሆነ መረጃውን ለላከው አበዳሪ፣ ከሰነድ ቅጂ ጋር፣ በጽሑፍ ቢቀርብ ይመረጣል። አዘጋጁ በመደበኛነት በ30 ቀናት፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች በ45 ቀናት ውስጥ ማጣራት አለበት፤ ሊረጋገጥ ያልቻለ መረጃ ይሰረዛል ወይም ይታረማል። ምላሹ ካላረካ አመልካቹ አጭር መግለጫ በመዝገቡ እንዲካተት መጠየቅ ይችላል።

እውነተኛ የሆነ አሉታዊ መረጃ ግን በአቤቱታ አይጠፋም። የዘገየ ክፍያ በአጠቃላይ 7 ዓመት፣ የኪሳራ ውሳኔ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። «መዝገብ እናጸዳለን» ብለው ሥራው ሳይሠራ ክፍያ መቀበል በፌዴራል ሕግ ለአገልግሎቱ ሰጪዎች የተከለከለ ነው፤ ትክክለኛውን እርማት ባለመዝገቡ ራሱ ያለ ክፍያ ሊያስፈጽም ይችላል።

ማጠቃለያ

ነጥብ ውጤት ነው፤ ሕጉ የማረም መብት የሰጠው በመነሻው መረጃ ላይ ነው። በሁሉም ሰነዶች አንድ ዓይነት የስም አጻጻፍ መያዝና ሦስቱንም ሪፖርቶች ብድር ከመጠየቅ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ማንበብ፣ ስሕተት ቢገኝ ለማጣሪያው በቂ ጊዜ ይሰጣል።