ለእምነት የተሰደዱ እንዴት ኖሩ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ ስለ እምነቱ አገሩን የለቀቀ ሰው ምን ያምን እንደነበር ብዙ ጊዜ እንጠይቃለን። ዛሬ ደግሞ ምን በልቶ፣ በማን መሬት፣ ከማን ጋር ኖረ ብለን እንጠይቅ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ14ኛው መቶ ዓመት አባታችን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበትም እንደ እሑድ ትከበር በማለታቸው ተቃውሞ በርትቶባቸው ተሰደዱ፤ በ1352 በአርማንያ ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነትና ከቤተ መንግሥት ቢገለሉም አልተበተኑም። በዛሬዋ ኤርትራ ምድር አባ አብሳዲ ደብረ ማርያምን፣ አባ ፊልጶስ ደብረ ቢዘንን መሠረቱ። የደብረ ቢዘን ሥርዓት የአንድነት ነው፤ ይኸውም የግል ንብረት የለም፣ ሁሉም እንደ ታዘዘ ይሠራል፣ ከአንድ ማዕድ ይበላል። በ1404 ዓፄ ዳዊት ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ በ1450 በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ክርክሩን በዕርቅ ፈጸመው።

በ1620 ደግሞ ሜይፍላወር በተባለች መርከብ 102 መንገደኞች አሜሪካ ደረሱ። መሪዎቻቸው ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ፣ ከፒዩሪታን ወገን ነበሩ። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ግማሽ ያህሉ ሞቱ። የተረፉትን በቆሎ መዝራት ያስተማራቸው የአገሩ ተወላጅ ነው። እርሻው በመጀመሪያ የጋራ ነበር፤ ምርቱ ስላልበቃና ማጉረምረም ስለበዛ በ1623 መሬቱ ለየቤተሰቡ በዕጣ ተከፋፈለ፤ ሰውም በትጋት ይሠራ ጀመር። ነገር ግን ሰፋሪው በበዛ ቁጥር የተወላጆቹ መሬት ጠበበ። በ1675 ጦርነት ተነሣ፤ ከተወላጆቹ ብዙዎች አለቁ፣ የተማረኩትም ለባርነት ተሸጡ።

እንግዲህ መነኮሳቱን አንድነት ያጸናቸው በፈቃዳቸው የገቡበት ስለሆነ ነው፤ ባለትዳሮቹን ደግሞ የየራስ እርሻ ረዳቸው። የጋራ ይሁን የግል፣ ማኅበርን ሁሉ የሚፈትነው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ጎረቤትህስ?

እኛም በቂሊንጦ ብዙዎቻችን በዕጣ በደረሰ ኮንዶሚኒየም የገባን ነን። ሕንፃውም ፋብሪካውም የቆመው ትናንት ገበሬ ጤፍ በዘራበት ምድር ላይ ነው። እነዚያ ቤተሰቦች ሩቅ አልሄዱም። ስንቶቻችን ስማቸውን እናውቃለን? ለቅሷቸውንስ እንደርሳለን? እስከ መጪው እሑድ እያንዳንዳችን አንድ ነባር ቤተሰብ እንጠይቅና እንወያይበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።