የቀን ደመወዝና የእህል መስፈሪያ

በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ላይ ጥቁር ፈረስ ይወጣል፤ የተቀመጠበትም በእጁ ሚዛን ይዟል። ብዙዎቻችን ይህን ክፍል ስናነብ እህል ስለ መጥፋቱ የተነገረ ይመስለናል። ነገር ግን በዚያ ስፍራ የሚነገረው ዋጋው ነው። ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የደከመበት ዲናር አንድ መስፈሪያ ስንዴ ወይም ሦስት መስፈሪያ ገብስ ብቻ ይገዛለታል፤ ዘይቱና ወይኑ ግን እንዳይነኩ ይታዘዛል። ስንዴው ለአንድ ሰው የቀን ምግብ ይበቃል፤ ሚስትና ልጆች ያሉት ግን ወደ ገብሱ መውረድ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ይህንኑ ወደ ገብስ መውረድን ነው።

በቂርቆስ የሚገኘው የጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ስሙ የቤተ መንግሥቱን ጠመንጃ ያዦች ያስታውሰናል። በዚያ ዘመን ብዙው ወታደርና አገልጋይ ይተዳደር የነበረው በብር ደመወዝ ሳይሆን በቀለብና በማደሪያ መሬት ነበር። ቀለቡ እህል እስከሆነ ድረስ ገበያው ቢወደድም መስፈሪያው አይጎድልበትም። የዛሬው ነዋሪ ግን ደመወዙን በብር ይቀበላል፤ ስለዚህ ደመወዙ ሳይነካ ቀለቡ ሊቀነስበት ይችላል።

ጀርመናዊው ኤርነስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጂግ ሠራተኞችን የቤት ወጪ መርምሮ፣ ቤተሰብ በደኸየ መጠን ከገቢው ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ እንደሚበዛ አመለከተ። ለምሳሌ ያህል አንዱ ከ100 ብር ገቢው 70 ብሩን፣ ሌላው ከ1,000 ብር 300 ብሩን ለምግብ ያውላል እንበል። የምግብ ዋጋ በመቶ 20 ቢጨምር፣ ለሁለተኛው ከምግብ የሚተርፈው ከ700 ወደ 640 ይወርዳል። ለመጀመሪያው ግን ከ30 ወደ 16 ይወርዳል፤ ከዚህችም ላይ የቤት ኪራይ፣ መድኃኒትና የልጆች ደብተር ይጠብቁታል።

በሰፈሩ ጉልት አጠገብ ጥቂት ቆሞ ላየ ሰው ሌላም ነገር ይገለጥለታል። ገንዘብ ያለው ጤፉን በኩንታል ገዝቶ ያስፈጫል። የቀን ሠራተኛው ግን ገንዘብ የሚያገኘው ማታ ማታ ስለሆነ እንጀራውን በቁጥር፣ ዘይቱን በብርጭቆ፣ ሽንኩርቱን በመደብ ይገዛል። በእያንዳንዷ ትንሽ መስፈሪያ ላይ የቸርቻሪዋ ትርፍ አለ፤ ትርፉ የእርሷም ልጆች እንጀራ ስለሆነ እርሷን መውቀስ አይገባንም። ውጤቱ ግን ድሃው ለዚያው ምግብ ከባለጸጋው አብልጦ መክፈሉ ነው። «ለምን ተባብረው በኩንታል አይገዙም?» ያለን ምእመን አለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጎረቤታሞች በዕቁብ ሲገዙም አይተናል። ይሁን እንጂ ባንድ ክፍል ስድስት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ ኩንታሉን የት ያኖረዋል? የዛሬ ራቱን ያላገኘስ የመጪውን ወር እንዴት አስቀድሞ ይከፍላል?

ሆድን መሙላትና ሰውነትን መመገብም አንድ አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ ጤናማ አመጋገብ ጉልበት ብቻ ከሚሰጠው የእህል ምግብ በአማካይ አምስት እጥፍ ይወደዳል። በየቤቱም መጀመሪያ ሥጋው ለዓመት በዓል ይቀራል፤ ቀጥሎ እንቁላሉና ወተቱ፣ ከዚያም ምስሩና ጎመኑ ይቀራሉ፤ በመጨረሻም ሽሮው ይቀጥናል፣ ጤፉም ከማሽላና ከሩዝ ይደባለቃል። (ስለ ጾም የምንሰብክ ካህናት፣ ትንሣኤ መጥቶም ጾሙ የማይፈታባቸው ቤቶች እንዳሉ ብናስብ ይበጀናል።)

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሠራተኛና አሠሪ በደመወዝ ቢስማሙ እንኳ፣ ደመወዙ ቆጣቢውን ሠራተኛ ለማኖር ካልበቃ ፍትሕ እንደተጓደለ አስተምረዋል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚመለከት ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል።

እኛም ከዚህ ነገር ንጹሐን አይደለንም። የቁምስናችንን ዘበኛ ደመወዝ ስንወስን የኖርነው «ሌላው ስንት ይከፍላል?» በማለት ነበር። በቅርቡ ግን ደመወዙን በብር መቁጠሩን ትተን በጤፍ ሰፈርነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው በብር ጨምሯል፤ በጤፍ ግን ቀንሷል። እርሱ ይህን አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ አልጠየቅነውም እንጂ። ከእንግዲህ በየሦስት ወሩ የጤፍ፣ የሽሮና የዘይት ዋጋ ጠይቀን ከደመወዙ ጋር ልናስተያይ ተስማምተናል። ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ የቀጠረ ምእመንም ይህንኑ ስሌት በቤቱ ሊያደርገው ይችላል፤ የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት፣ እንዲሁም ከገበያ የተመለሰችውን ሴት መጠየቅ ነው።