የፍላጻ ዘንግ እንጨት አመራረጥ፦ በ1545 የታተመ መጽሐፍና በዚያው ዓመት የሰመጠች መርከብ

በዚህ ጽሑፍ «ቀስት» የምለው መወርወሪያውን፣ «ፍላጻ» የምለው ተወርዋሪውን ነው፤ በዕለት ንግግራችን ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ አስቀድሞ መለየቱ ይበጃል።

እ.ኤ.አ. በ1545 የካምብሪጁ ምሁር ሮጀር አስካም ስለ ቀስት አጠቃቀም የጻፈውን «ቶክሶፊለስ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ «ሜሪ ሮዝ» በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ፖርትስመዝ አቅራቢያ ሰመጠች። የመርከቧ አካል በ1982 ከባሕር እስኪወጣ ድረስ በተካሄደው ቁፋሮ ሙሉም ስብርባሪም የሆኑ ከ3,000 በላይ ፍላጻዎች ተገኝተዋል። ተመራማሪው የአንድን ዘመን ዕቃና ስለዚያው ዕቃ የተጻፈውን ቃል ጎን ለጎን አድርጎ የማየት ዕድል የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። እዚህ ግን ሁለቱ አይስማሙም። አስካም ለዘንግ የሚያገለግሉ 15 የእንጨት ዓይነቶችን ከዘረዘረ በኋላ ለጦርነት የሚሻለው አሽ የተባለው፣ ከወይራ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደበው ዛፍ እንደሆነ ይመክራል፤ በዘመኑ ፍላጻ ከአስፐን መሠራቱንም ይነቅፋል። ከመርከቧ የወጡት ዘንጎች አብዛኞቹ አስፐን ከሚመደብበት ከፖፕላር ወገን ናቸው።

ለዚህ ልዩነት በቀላሉ የሚሰነዘረው ምላሽ «ፖፕላር ርካሽ ስለነበረ ነው» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ምላሽ ጉዳዩን ከግማሽ በታች ብቻ ያስረዳል።

ፍላጻ ከቀስት ሲለቀቅ እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ አይሄድም። አውታሩ ከኋላው በድንገት ሲገፋው ዘንጉ ይጎብጣል፤ የቀስቱን ጎን ዞሮ ያልፍና በአየር ላይ ወዲያና ወዲህ እየተለመጠ ቀስ በቀስ ይረጋል። በ1930ዎቹ በአሜሪካ በፈጣን ካሜራ የተነሡ ፊልሞች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ተኳሹ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ከመጠን በላይ ግትር የሆነ ዘንግ ወደ ግራ፣ ከመጠን በላይ ልምጥ የሆነው ደግሞ ወደ ቀኝ ይስታል። ስለዚህ ጠንካራ እንጨት ሁሉ ጥሩ ዘንግ አይሆንም፤ ተገቢው ግትርነት የሚወሰነው በቀስቱ ጉልበት ነው።

ዛሬ የእንጨት ዘንግ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግትርነቱን የሚለኩት በቀላል ዘዴ ነው። ዘንጉን 26 ኢንች (66 ሴንቲ ሜትር) በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድመው ከመካከሉ 2 ፓውንድ (0.9 ኪሎ ግራም ገደማ) ያንጠለጥላሉ። 26 በኢንች ለተለካው ጉብጠት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ዘንጉ የሚስማማውን የቀስት ጉልበት በፓውንድ ያመለክታል፤ ግማሽ ኢንች ከጎበጠ 52 ይሆናል ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር ያለው ከውፍረቱ ላይ ነው። የክብ ዘንግ ግትርነት በዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ክብደቱ ግን በሁለተኛ ርቢ ብቻ። ከ8 ወደ 9 ሚሊ ሜትር የወፈረ ዘንግ ግትርነቱ 60 በመቶ ሲጨምር ክብደቱ የሚጨምረው 27 በመቶ ነው።

ይህን ስሌት ወደ ሁለቱ እንጨቶች እንመልሰው። የደረቀ አስፐን እፍግታ በአማካይ 450 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ፣ የመለጠጥ ሞዱለሱ 9.8 ጊጋፓስካል ገደማ ነው፤ የአሽ 680 እና 12.3 ነው። በእነዚህ አማካዮች መሠረት፣ ብረቱንና ላባውን ሳንጨምር፣ ከአሽ ዘንግ ጋር እኩል ግትር የሆነ የአስፐን ዘንግ በውፍረት 6 በመቶ ያህል በልጦ በክብደት ሩብ ያህል ይቀላል። ውፍረታቸው እኩል ቢሆን ደግሞ የአሹ ግትርነት በሩብ፣ ክብደቱ ግን በግማሽ ይበልጣል። የሜሪ ሮዝ ቀስቶች ጉልበት ከ100 ፓውንድ በላይ እንደነበረ ይገመታል፤ ዘንጎቹም በወፍራም በኩል 12 እና 13 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ለእንዲህ ያለ ቀስት ወፍራም ዘንግ የግድ ነው፤ ወፍራም ሆኖ ሩቅ እንዲሄድ ደግሞ ቀላል እንጨት ይፈልጋል። አስካም ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። እርሱ አሽን ያወደሰው ከክብደቱ የተነሣ በሚሰጠው ምት ነው፤ በቅርብ ርቀት ለሚመታ ሰው ምክሩ ትክክል ነው። መጽሐፉና መርከቧ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ሰጥተዋል።

የርካሽነቱን ምላሽ የሚያዳክም ሌላም ማስረጃ አለ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1416 የእንጨት ጫማ ሠሪዎች ለፍላጻ የሚሆነውን አስፐን እንዳይነኩ በሕግ ከልክሏል። ሞልቶ የተረፈ እንጨት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሕግ ማስጠበቅ ባላስፈለገ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ስመ ጥር የሆነው የዘንግ እንጨት ከኦሪገንና ከሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚገኘው የፖርት ኦርፎርድ ሴዳር ነበር፤ እፍግታው ከአስፐን ብዙም አይርቅም።

የዛፉ ዓይነት ከተመረጠ በኋላም ብዙ ይቀራል። ባሕር ዛፍ የፈለጠ ሰው ቃጫው እየተጠማዘዘ ምሳርን እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃል፤ ለዘንግ እንዲህ ያለው ግንድ አይሆንም። የተፈለጠ እንጨት ቃጫውን ተከትሎ ስለሚለያይ ከተሰነጠቀው ጣውላ ይመረጣል፤ መጋዝ ቃጫውን አቋርጦ ያልፋልና። ቃጫው ከዘንጉ ጎን የሚወጣበት ቦታ ሲለቀቅ የሚሰበርበት ቦታ ነው፤ ስባሪው የተኳሹን እጅ ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች በዘንጉ የላይኛው ገጽ የሚታየው የቃጫ ሾጣጣ ወደ ፍላጻው ራስ እንዲያመለክት ያደርጋሉ። አውታሩ የሚገባበት ቍርጥም የዕድገት ቀለበቶቹን አቋርጦ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ከቀለበቶቹ ጋር ትይዩ ከሆነ አውታሩ እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል። የሜሪ ሮዝ ሠሪዎች ቍርጡን በቀጭን የቀንድ ስንጥር አጠንክረውታል፤ ለስላሳ እንጨት መምረጥ ያስከተለው ተጨማሪ ሥራ ይህ ነው።

ከ400 ዓመት በላይ በባሕር ጭቃ የቆየ እንጨት የቀድሞ ግትርነቱን ስለማይዝ የመርከቧን ዘንጎች በቀጥታ አጉብጦ መለካት አይቻልም። የሚቻለው ቅርጻቸውን በጥንቃቄ ለክቶ አምሳያ መሥራት ነው። ስለዚህ የፍላጻ መዝገብ የዛፉን ስም ብቻ ይዞ ሲቀር፣ ከ8 ወደ 9 ሚሊ ሜትር የሚያመጣው ለውጥ እንዳየነው 60 በመቶ ነውና፣ ከጭራ እስከ ራስ በየርቀቱ የተወሰደ የዲያሜትር ልኬት አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።