ምዕራፍ 4፦ በጎና በጎ ሲከራከሩ

ድርሰት መጻፍ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ከሚወድቅባቸው ስሕተቶች አንዱ፣ ታሪኩ እንዲሞቅለት ሲል ጠብን ከውጭ ፈልጎ ማምጣቱ ነው፤ በአንዱ ገጽ ሽፍታ ያስነሣል፣ በሌላው መኪና ይገለብጣል፣ በሦስተኛውም ሁለት ባላንጣዎችን ያታኩሳል፤ አንባቢው ግን የሚሞተው ሰው ምን ይወድና ምን ይፈራ እንደ ነበር ስላልተነገረው፣ የማያውቀው ሰው አስከሬን በመንገድ ሲያልፍ እንዳየ እንግዳ «ነፍስ ይማር» ብሎ ገጹን ይገልጣል።

እውነተኛው ግጭት የሚወለደው በአንድ ሰው ልቡና ውስጥ ሁለት የሚከበሩ ነገሮች ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ ግድ በሆነ ጊዜ ነው። ክፉና በጎ ሲከራከሩ ፍርዱ ቀላል ነው፤ በጎና በጎ ሲከራከሩ ግን ዳኛው ራሱ ይጨነቃል።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ግሩም ምሳሌ ይሆነናል። በዛብህ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ ይህ ልጅ አድጎና ተምሮ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ በፍቅሯ በተያዘ ጊዜ፣ የፊታውራሪው ቍጣ ገና ሳይደርስበት ጦርነቱ በገዛ ልቡ ተጀምሯል፤ ስለቱን ቢያፈርስ የእናት አባቱን ቃል ሐሰት ያደርጋል፣ ስለቱን ቢጠብቅ የራሱን ልብ በቁሙ ይቀብራል። አንባቢው ለስለቱም ለፍቅሩም ስለሚያዝን መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅተዋል።

ከዚሁ ድርሰት ሌላም ትምህርት እናገኛለን፤ ይኸውም የአንዱ ሰው ስሜት ድርጊትን እንደሚወልድ፣ ድርጊቱም የሌላውን ሰው ሕይወት እንደሚነካ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ሐረጋቸው ከመኩራታቸው የተነሣ ለልጃቸው የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ይመልሳሉ፤ ልጅቱም ዕድሜዋ እየገፋ በአባቷ ቤት ትቀራለች፤ መምህሩ የሚደርሰው በዚህ ብቸኝነቷ ላይ ስለ ሆነ፣ የአባትየው ኵራት ያልፈለገውን ፍቅር በገዛ እጁ ጠራው ማለት ነው። ያው ኵራት በባላገሩ ላይ ሲያርፍ ደግሞ፣ ፊታውራሪውን እምቢ ባሉት ላይ አዘምቶ ለምርኮ አበቃቸው። ጠባዩ አንድ ሲሆን፣ በእልፍኝም በሜዳም ታሪክን አንቀሳቀሰ።

እንግዲህ ጀማሪው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ስለ ሰውዬው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ምንድን ነው? ከዚያ ፍቅር ጋር የሚጋጨው የትኛው ግዴታው ነው? ምርጫውን ከእንግዲህ ወዲያ ማዘግየት የማይችልበት ቀንስ መቼ ነው?

ለልምምድ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸውን እናት እናስብ። ሟቹ ሲናዘዙ «ያን በሬ እንዳትሸጪው» ብለዋል፤ አንድ ልጃቸው ደግሞ ከተማ ወርዶ ለመማር ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ የምዝገባው ቀን ነገ ነው። የሟች ኑዛዜ ቅዱስ ነው፤ የልጅ ዕድልም እንዲሁ። እዚህ ላይ ጸሓፊው «እጅግ አዘኑ፣ ተጨነቁ» ብሎ ቢደመድም አንባቢው ይሰማል እንጂ አያይም፤ ሴትዮዋ በማለዳ ቡና ሲቀዱ እንደ ቀድሞው የባላቸውንም ስኒ ሞልተው፣ ኋላ ትዝ ሲላቸው መልሰው ወደ ጀበናው ቢገለብጡት ግን፣ የልባቸው ነገር በእጃቸው ላይ ይነበባል።

ጸሓፊው ደግሞ ለሴትዮዋ አዝኖ፣ ድንገት ከሩቅ አገር ገንዘብ ይዞ የሚመጣ አጎት እንዳይፈጥርላቸው ይጠንቀቅ፤ ምርጫውን ራሳቸው ይምረጡት፣ ዋጋውንም ራሳቸው ይክፈሉት። መሸጡን ከመረጡ፣ ነጋዴው ገመዱን ተቀብሎ በሬውን ከበረት ሲያወጣ፣ ሴትዮዋ በባላቸው አጠራር ስሙን አንድ ጊዜ ጠርተው፣ በሬውም ዘወር ቢል፣ ስለ ኀዘናቸው ሌላ ቃል መጨመር አያስፈልግም።