ቤትን በራሱ የሚያሠራ መቆጣጠሪያ፦ አመራረጡና የብልሽቱ አፈላለግ

ከወርክሾፕ ሠልጣኞች መካከል ጥቂቶቹ በቅርቡ አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ጥያቄያቸውም «መብራትን፣ የውሃ ፓምፕንና የግቢ በርን በራሱ የሚያሠራ መቆጣጠሪያ ለመግዛት ብናስብ የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። መልሱን በቃል ሰጥቶ ከመለያየት ይልቅ ለሁሉም እንዲደርስ በዚህች ገጽ ላይ ማስፈሩን መርጠናል።

በመጀመሪያ የነገሩን ምንነት እንመልከት። አንድ ቤት በራሱ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ሁኔታውን የሚለይ ሴንሰር ነው፤ ለምሳሌ ያህል በታንከር ውስጥ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ ማብሪያ። ሁለተኛው ሥራውን የሚፈጽመው ነው፤ ይኸውም ሪሌው፣ ከሪሌው ቀጥሎም ፓምፑ ወይም አምፖሉ። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ተቀምጦ የሚወስነው መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ፕሮግራም «የላይኛው ታንከር ከጎደለ፣ የታችኛውም ውሃ ካለው ፓምፑን አስነሣ» እያለ ያዝዛል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በስኮትላንድ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ኤክስ 10 የተባለ ዘዴ ትእዛዙን እዚያው በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ያስተላልፍ ነበር፤ እስከ 256 አድራሻዎችንም ለይቶ መጥራት ይችል ነበር።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። ሻጩ ስለ መልኩና ስለ ስልክ መተግበሪያው ብዙ ይነግራችኋል። እናንተ ግን አስቀድማችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚወስነው ክፍል የት ነው ያለው? እቤት ውስጥ ነው ወይስ ባሕር ማዶ በሚገኝ የኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ? ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች ትእዛዙን በኢንተርኔት ውጭ አገር ልከው፣ መልሱን ተቀብለው ነው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለውን አምፖል የሚያበሩት። ኔትወርክ ሲቋረጥ ታዲያ ምን ይሆናል? ኩባንያውስ ቢዘጋ? ይህ የፍርሃት ወሬ አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። ሪቮልቭ የተባለው መቆጣጠሪያ ድርጅቱ በሌላ ኩባንያ ከተገዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 አገልግሎቱ ስለተቋረጠ የገዙት ሰዎች እጅ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ቀርቷል። ኢንስቲዮን የተባለውም የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ለደንበኞቹ ሳይናገር ሰርቨሮቹን ዘጋ። ዕቃው አልተሰበረም፣ ሽቦው አልተበጠሰም፤ የስልኩ ትእዛዝ ብቻ መልስ አጣ። በኋላ ከተጠቃሚዎቹ ጥቂቶቹ ተባብረው ድርጅቱን ስለገዙት አገልግሎቱ ተመልሷል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

ስለሆነም እቤት ውስጥ የሚወስን መቆጣጠሪያ እንድትመርጡ እንመክራለን። ከነጻ ፕሮግራሞች መካከል እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ሆም አሲስታንት እንዲሁም ኦፕንሃብ ይታወቃሉ። ሁለቱም ራስፕቤሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ወይም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ለጀማሪ ቀላል አይደሉም፤ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። አንድ ፓምፕ ብቻ ለማሠራት ከሆነ ደግሞ ኮምፒዩተሩም አያስፈልግም፤ ተንሳፋፊ ማብሪያና ኮንታክተር ይበቃሉ።

ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣውን ዕቃ በሚመለከትም ማስጠንቀቂያ አለን። የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ በዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ እንዳትሰኩ። በዚ ዌቭ ሬዲዮ የሚነጋገሩ መሣሪያዎች ደግሞ የአሜሪካው በ908 ሜጋኸርዝ፣ የአውሮፓው በ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠሩ ሁለቱን ብታደባልቋቸው እርስ በርስ አይሰማሙም። ዚግቢ የሚባለው በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ዋይፋይም እዚያው ላይ ስለሆነ መቆጣጠሪያውን ከራውተሩ አጠገብ አታስቀምጡት።

አሁን ወደ ብልሽት አፈላለግ እንለፍ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በገዛ ቤቱ የደረሰበትን ቢናገር ይሻላል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለውን ፓምፕ 10 አምፒር በተጻፈበት ትንሽ ሪሌ አማካይነት በቀጥታ አገናኘሁት። ፓምፑ ሲሠራ የሚስበው ሦስት አምፒር ገደማ ነው፤ ታዲያ 10 አይበቃም እንዴ? አይበቃም። ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ድረስ ከረንት ይስባል። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ስልኩ «ጠፍቷል» ይላል፣ ፓምፑ ግን ያጓራል። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙን ስበረብር፣ ሳጠፋና እንደገና ስጭን ከረምኩ፤ ፓምፑን በብሬከር እያጠፋሁ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ብሬከሩን አብርቼ ሳልመለስ ዘገየሁ፤ የታችኛው ታንከር አለቀ፣ ፓምፑም ያለ ውሃ ዞሮ ዞሮ ተቃጠለ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴው ነው።

ብልሽቱ የት ነበር? በሪሌው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ትእዛዝ ስሰጥ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ትእዛዙ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው፤ ፕሮግራሙም ደኅና ነው። ይሁን እንጂ ቀጭ የሚለው ድምፅ አይሰማም። የሪሌው መገናኛ ከብልጭታው ብዛት እርስ በርሱ ተበይዶ ነበር። ይህን በአንድ ደቂቃ ማወቅ ሲቻል ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም ፍለጋውን ከፓምፑ መጀመር ሲገባኝ ከፕሮግራሙ ስለጀመርኩ ነው። በመጀመሪያ ፓምፑን በእጅ፣ ቀጥሎ ሪሌውን በዐይንና በጆሮ፣ ከዚያ ሽቦውን፣ በመጨረሻ ፕሮግራሙን መመርመር ይገባል። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለወጠው፤ ሦስት ነገር ለውጣችሁ ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ሽቦ ከመንካት በፊት ብሬከሩ መውረድ አለበት፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም ነበር፣ ግን ይነገር። ዛሬ ትንሹ ሪሌ የሚያዝዘው ኮንታክተሩን ብቻ ነው፤ የሞተሩን ከረንት የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው። የታችኛው ታንከር ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊም ከፕሮግራሙ ጋር ሳይሆን ከኮንታክተሩ መስመር ጋር በቀጥታ ተያይዟል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረውም ብዙ ነው። ድንገት ሲጠፋ ሚሞሪ ካርዱ ላይ እየተጻፈ ያለው ነገር ይበላሻል፤ ራስፕቤሪ ፓዩም አልነሣም ይላል። የፕሮግራሙን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥና ለመቆጣጠሪያው ትንሽ ባትሪ መስጠት ያድናል። መብራት ሲመለስ ሪሌው በርቶ ይነሣ ወይስ ጠፍቶ የሚለውንም አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለፓምፕ ሁልጊዜ ጠፍቶ ነው። ከአምስተኛው ሞዴል በፊት የነበሩት ራስፕቤሪ ፓዮች የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፤ ሰዓቱን የሚያገኙት ከኢንተርኔት ስለሆነ ኔትወርክ ከሌለ በተሳሳተ ሰዓት ሊሠሩ ይችላሉ።

ስለ ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ አንድ ሠልጣኝ የግቢው መብራት ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዲበራ ብሎ 12:00 ጻፈ። መብራቱም በጠራራ ፀሐይ፣ በቀኑ 6 ሰዓት ቦግ አለ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ መጻፍ የነበረበት 18:00 ነው። አስቀናል፤ ግን ሦስት ቀን ሴንሰሩን ሲወቅስ ነበር።

መልመጃ፦ በሪሌው ላይ ያለችው መብራት ትበራለች፣ ቀጭ የሚለውም ድምፅ ይሰማል፣ ፓምፑ ግን ዝም ብሏል። በእጅ ቢሞከር በደንብ ይሠራል። ብልሽቱ ከየት እስከ የት ባለው ክፍል ውስጥ ነው? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በወርክሾፑ በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩ።