በሌዘር የሚሞቅ የወርቅ ናኖ ቅንጣት፦ የሚለካው የየትኛው አካል ሙቀት ነው?

የወርቅ ናኖ ቅንጣቶችን ወደ ካንሰር ዕጢ አስገብቶ በሌዘር በማሞቅ ዕጢውን የማጥፋት ሐሳብ ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛ እየተሸጋገረ ነው። የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በወርቅ የተለበጡ የሲሊካ ቅንጣቶች በአይጦች ዕጢ ውስጥ ሲሞቁ ሂደቱን በኤም አር አይ ተከታትለዋል። በ2019 ደግሞ ተመሳሳይ ቅንጣቶች የፕሮስቴት ካንሰር ባለባቸው 16 ወንዶች ላይ የተሞከሩበት ጥናት ወጥቷል።

የሙቀት ሕክምና መጠን የሚገለጸው በ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በሚቆጠር አቻ ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የ2 ዲግሪ የመለኪያ ስሕተት ስሌቱን በአራት እጥፍ ያዛባል፤ ዕጢው ሳይሞት ሊቀር ወይም አጠገቡ ያለ ጤናማ ነርቭ ሊቃጠል ይችላል።

ሆኖም «የቅንጣቱ ሙቀት» የሚለው አነጋገር ራሱ አሳሳች ነው። ራዲየሱ 50 ናኖሜትር የሆነ ነጠላ ቅንጣት በውሃ ውስጥ ሆኖ ከማያቋርጥ ጨረር 10 ማይክሮዋት ቢመጥጥ፣ የገጹ ሙቀት በ26 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ጭማሪው ከማዕከሉ በሚኖረው ርቀት ልክ ስለሚቀንስ፣ 500 ናኖሜትር ላይ ከ3 ዲግሪ በታች ይሆናል። በዕጢ ውስጥ ያለው ሁኔታ ግን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። እነዚሁ ቅንጣቶች ራዲየሱ 1 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ በየ1 ማይክሮሜትሩ ተሰራጭተዋል እንበል። እያንዳንዱ ቅንጣት ብቻውን ቢሆን ገጹን የሚያሞቀው በዲግሪ አሥር ሺሕኛ ብቻ ቢሆንም፣ የደም ዝውውር የሚወስደው ሙቀት ካልታሰበ በስተቀር የክቡ ማዕከል በ30 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ማለትም የማያቋርጥ ሌዘር በሚሠራበት ሕክምና ውስጥ ከአካባቢው እጅግ የጋለ ቅንጣት የለም፤ የጋለው ሕብረ ሕዋሱ ራሱ ነው።

የመለኪያው ምርጫ ከዚህ ይነሣል። ቴርሞካፕል ርካሽና ምቹ ቢሆንም ብረቱ የሌዘሩን ብርሃን በቀጥታ ስለሚመጥጥ ከእውነቱ በላይ ያነባል፤ ጨረሩን ለአፍታ አጥፍቶ ማንበብ ስሕተቱን ይቀንሰዋል። የታሕተ ቀይ ካሜራ የሚያየው የቆዳን ገጽ ብቻ ነው። ኤም አር አይ በጥልቀት ይለካል፤ የውሃ ፕሮቶን የድግግሞሽ ለውጥ በዲግሪ ከሚሊዮን 0.01 እጅ ያህል ነው። ነገር ግን የስብ ፕሮቶን ይህን ሕግ አይከተልም፤ ስብ በበዛበት ጡት ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ይህን ቸል ሊል አይገባውም።

ወደ ሕዋስ ውስጥ ለመግባት የናኖ አልማዝ ቴርሞሜትር አለ። በአልማዙ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ጉድለት በ2.87 ጊጋኸርዝ አካባቢ ለማይክሮዌቭ ምላሽ ይሰጣል፤ ምላሹም ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ74 ኪሎኸርዝ ገደማ ይወርዳል። በ2013 የታተመ የሃርቫርድ ቡድን ሥራ የወርቅ ቅንጣትንና ናኖ አልማዝን በአንድ ሕያው ሕዋስ ውስጥ አጣምሯል። አልማዙ የሚናገረው ግን እርሱ ያለበትን ቦታ ሙቀት እንጂ የወርቁን አይደለም። የወርቁን ለማወቅ ቅንጣቱ ራሱ ከሌዘሩ ባጠረ የሞገድ ርዝመት የሚለቀውን ደካማ ብርሃን መተንተን ይቻላል፤ የዚህ ብርሃን ድርሻ ሙቀቱ ሲጨምር ይጨምራልና።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው የናኖሴኮንድ ምት በሚለቅ ሌዘር ነው። ቅንጣቱ በመቶዎች ዲግሪ ግሎ፣ ዙሪያውን ያለውን ውሃ ወደ እንፋሎት አረፋ ለውጦ፣ ኤም አር አዩ አንድ ምስል ሳይጨርስ ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ በማሳያው ላይ የሚነበበው 37 ዲግሪ ትክክል ነው፤ ሕዋሱ ግን ተቀድዷል።